ሰኮናዋን ሳናይ ወርቿን አንተኩስ፦ በላስታ በቅሎ ላይ ድንገት የሚታይ ማንከስ መንስኤው እንዴት ይፈለጋል?



የዛሬው ርእሴ ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ነው። አንዲት በቅሎ ማታ በደኅና ገብታ አደረች፤ ጧት ቀኝ የፊት እግሯን መሬት አላስነካም አለች። ምን ሆነች? የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሄድሁበትን መንገድ፣ መንገዱን የሳትሁበትንም ስፍራ ጭምር፣ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻችን የምናቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ትክክል የሆነበትን ታሪክ ነው። ዛሬ ሌላውን ዓይነት ይዤ መጥቻለሁ።

ነገሩ የሆነው በላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ ዳርቻ ነው። አገሩን የምታውቁ ሰዎች መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ከበላዩ የተንጠለጠለው የአሸተን ማርያም ገዳም ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። በ16ኛው መቶ ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላሊበላን ባየበት ዘመን የሩቅ መንገደኛ መጓጓዣ በቅሎ ነበረች። ዛሬ መኪናውም አውሮፕላኑም ከተማው ድረስ ያደርሳሉ፤ ዳገቱ ሲጀምር ግን ነገሩ እንደገና የሰኮና ይሆናል። ጉልበታቸው የደከመ ምእመናን፣ ከውጭ የመጡ ጎብኚዎች፣ ወደ ገበያ የሚወርድ ገብስ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰድ ሕመምተኛ፣ ሁሉም በአንድ ጀርባ ላይ ይጫናሉ። ከኮቪድ ወረርሽኝና ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ የጎብኚው ቁጥር በመቀነሱ፣ በቅሎ አከራይቶ ለሚኖር ሰው እያንዳንዱ የሥራ ቀን ከበፊቱ ይልቅ ውድ ሆኗል። የማትሠራ በቅሎ ደግሞ የምትበላ አፍ ብቻ ናት። ተስፋ የተቆረጠባት ከመንደር ዳር ትለቀቃለች፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ስለዚህ «ምን ሆነች?» የሚለው ጥያቄ የአንድን እንስሳ ሕይወትና የአንድን ቤት የዓመት ገቢ አንድ ላይ የያዘ ጥያቄ ነው።

ወቅቱ ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ምን ያህል ሕዝብ እንደሚሰበሰብ መናገር አያሻኝም። የበቅሎዋ ባለቤት አዛውንት ናቸው። ስደርስ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፤ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ሌላው ወርቿ ተናግቷል ይላል። ወጌሻውም ከወርቹ ወገን ነበር፤ መተኮሻው ብረት ከፍም ውስጥ ገብቶ ቀልቷል። ባለቤቱ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ «ልጄ፣ እስከ ገና የሚያቆያትን መርፌ ውጋልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል» አሉኝ። ልመናቸውን አልናቅሁትም። መርፌው በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሕመሟን ቀንሶ ሊያስረግጣት ይችል ነበር። ይሁን እንጂ መንስኤው ሳይታወቅ ሕመም አስታግሶ ዳገት ማስወጣት ማለት፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ስንጥቁን ወደ ስብራት መለወጥ ማለት ነው። «አባቴ፣ መጀመሪያ የታመመችው የት ላይ እንደሆነ ልፈልግ» አልኋቸው።

ለተማሪዎች ደጋግሜ የምናገረውን እዚህ ላይ ልድገመው። ማንከስ የበሽታ ስም አይደለም፤ እንደ ትኩሳት ሁሉ ምልክት ነው። ከበስተኋላው የተወጋ ሰኮና፣ የተበጠሰ ጅማት፣ የመገለ መጋጠሚያ ወይም የተሰነጠቀ አጥንት ሊኖር ይችላል። ለማንከስ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒት ያለው ለአስነካሹ ነው። ሁለተኛም ነገር አለ። በቅሎ ከአህያ አባቷ ከወረሰችው ነገር አንዱ ሕመምን መደበቅ ነው። ፈረስ በሚያነክስበት ሕመም በቅሎ እርምጃዋን ጥቂት አሳጥራ ዝም ትላለች። እንግዲያው በቅሎ በሦስት እግር ከቆመች ሕመሙ ቀላል እንዳልሆነ ከወዲሁ እናውቃለን።

መጀመሪያ የሚቀድመው ጥያቄ ነው። መቼ ጀመራት? ትናንት ምን ሠራች? የት አደረች? ምን በላች? ባለቤቱ ከትናንት በስቲያ ከአሸተን ስትወርድ መንሸራተቷን ነገሩኝ። ይህ ቃል አሳሳተኝ። ሐኪም ጥሩ ታሪክ ሲነገረው ይወድዳል፤ ተንሸራተተች፣ ወርቿ ተናጋ፣ አነከሰች፤ ሁሉም እንደ ሰንሰለት ተያያዘልኝ። ሳልነካት በፊት ልቤ ግማሹን ፈርዶ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሩቅ ሆኖ ማየት ነው። የፊት እግሩ የታመመ እንስሳ፣ ሕመምተኛው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ደኅናው ሲረግጥ ራሱን ይደፋል። ብዙ ሰው ግን ራሱን የደፋበትን እግር የታመመው ይመስለዋል፤ ተገላቢጦሽ ነው። የኋላ እግር ሲሆን የሚታየው ዳሌው ላይ ነው፤ በታመመው ወገን ያለው ዳሌ ከወትሮው ይልቅ ከፍና ዝቅ ይላል። በመጻሕፍቱ ይህ በሶምሶማ ሩጫ ይፈተናል ተብሎ ተጽፏል። የእኛ አገር ባለ በቅሎ ደግሞ ሰጋር በቅሎ ይወድዳል፤ ሰጋር በቅሎ ሶምሶማ አትረግጥም። ስገራ ተሳፋሪውን እንዳያናውጥ ሆኖ የተወደደ አረማመድ ነውና የራስን መነሣትና መውደቅም ይሸሽጋል። ስለዚህ ቀስ አድርጎ ማስረገጥ፣ በጠባቡ ማዞር፣ ከሁሉም በላይ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሰኮናዋን ድምፅ ማዳመጥ ይሻላል። ደኅናው እግር በኃይል ይመታል፤ የታመመው ኮሽ ብሎ ያልፋል። ይህቺ በቅሎ ግን ይህንም አላስፈለጋትም። የአሜሪካ የፈረስ ሐኪሞች ማኅበር ከ0 እስከ 5 በሚሰጠው የማንከስ ደረጃ 5ኛው ላይ ነበረች፤ ቆማም እንኳ እግሩን አታሳርፍም።

እዚህ ላይ የኔ ጥፋት ይጀምራል። ሰኮናዋን አነሣሁ፤ ጭቃውንና ፋንዲያውን ጠረግሁ፤ አየሁ። ሚስማር የለም፣ ጠጠር የለም፣ ቁስል የለም። «ሰኮናዋ ደኅና ነው» አልሁና እግሯን ለቀቅሁ። ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ወርቿን ስጫን፣ ስስብ፣ ሳጥፍ ቆየሁ። ስነካት ትሸሻለች። እንዴት አትሸሽ? ከእኔ በፊት ያ ሁሉ ሰው ተፈራርቆ ተጭኗታል። ሽሽቷን ግን እንደ ማስረጃ ቆጠርሁት፤ ወጌሻውም ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ፍሙ ይነድዳል፤ እኔም ለመፍቀድ ምንም ያህል አልቀረኝም።

የመለሰኝ የባለቤቱ የልጅ ልጅ ነው። ከአሥር ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። በበረቱ በር ወዳለው አቧራ አመለከተና፣ «ጋሼ፣ ዱካዋን አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። የሦስቱ እግሮች ዱካ ሙሉ ነው፤ የቀኝ ፊት እግሯ ግን በጫፉ ብቻ ነክቶ፣ ተረከዙ ያለበት አፈር ሳይነካ ቀርቷል። ወርቹ የታመመ እንስሳ እግሩን ወደ ፊት ለመወርወር ይሰንፋል፣ ይጎትተዋል፤ ዱካውም የተጎተተ ይሆናል። ይህቺ ግን እግሯን እንደ ልብ ታነሣለች፤ የምትፈራው ማሳረፉን፣ ያውም ተረከዙን ነው። ይህ የሰኮና ነገር ነው።

ተመልሼ ከታች ጀመርሁ፤ አሁን በዓይን ብቻ አልነበረም። ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ ግራና ቀኝ ወደ ሰኮና የሚወርዱ የደም ሥሮች አሉ። ጣትን በቀስታ ቢያሳርፉባቸው በደኅና እግር የልብ ትርታ በጭንቅ ይሰማል፤ በሰኮና ውስጥ ብግነት ካለ ግን ጣትን ይመታል። በግራው ምንም አልተሰማኝም፤ በቀኙ ይዘልላል። ሰኮናውን በእጄ ዳስሼ ሙቀት ፈለግሁ፤ ሁለቱም ሙቅ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ፦ ጥቁር ሰኮና ፀሐይ ላይ ሲቆም ይሞቃልና ሙቀት የሚለካው በጥላ፣ ያም በጧት ነው። በቅሎዋ ደግሞ ስትጎበኝ ያረፈደችው በፀሐይ ነበር።

በትክክለኛው መሣሪያ ሰኮናን ዙሪያውን እየጨመቁ የሚያመውን ነጥብ መለየት ይቻላል። መሣሪያው በእጄ አልነበረም፤ ከመንደሩ ብረት ሠሪ ጉጠት ተዋስሁ። ከደኅናው እግር ጀመርሁ። ይህን ለተማሪዎች አጥብቄ እናገራለሁ፤ ያልታመመውን ሳትጨምቁ የታመመውን ብትጨምቁ፣ እንስሳው የሸሸው ከሕመም ይሁን ከድንጋጤ አታውቁም። ደኅናውን ስጨምቅ ዝም አለች። የታመመውንም በጣት ርቀት በጣት ርቀት እየተጓዝሁ ከጫፉ ወደ ተረከዙ ስሄድ ዝም አለች፤ ከውጪኛው ተረከዝ አጠገብ ስደርስ እግሯን ከእጄ መነጨቀች። ደገምሁት፤ እዚያው ላይ ደግማ መነጨቀች።

በዚያ ስፍራ የላይኛውን የሞተ ቅርፊት በቢላ ስስ አድርጌ ፋቅሁ። ግድግዳውና መርገጫው ከሚገናኙበት ነጣ ያለ መስመር ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየች። አፈር ብትሆን ኖሮ በመፋቅ ትጠፋ ነበር፤ በፋቅሁ ቁጥር ግን ወደ ውስጥ ትሄዳለች። ተከተልኋት። ከጥቂት ሚሊሜትር በኋላ ግራጫ የሆነ፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ፊጭ ብሎ ወጣ። ሽታው ለሁሉም ደረሰ። አዛውንቱ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው፣ «ለካ ከእግሯ በታች ኖሯል!» አሉ።

ይህን ያህል መግል እንዴት በቅሎን በሦስት እግር ያቆማል? ምክንያቱ የሰኮና አሠራር ነው። እጃችን ላይ ቢመግል ሥጋው ያብጣል፤ ለመግሉ ቦታ ይሰጠዋል። የሰኮና ግድግዳ ግን እንደ ቀንድ የጠጠረ ነው፤ አያብጥም። በውጭው ቀንድና በውስጠኛው ሕይወት ባለው ሥጋ መካከል የተጠራቀመው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ነርቭ ያለበትን ክፍል ይጨቁናል። እንስሳው የቆመው የክብደቱ ስልሳ በመቶ ያህል በፊት እግሮቹ ላይ አርፎ ስለሆነ፣ በረገጠ ቁጥር ጭቆናው ይበረታል። ሕመሙ እንደ አጥንት ስብራት ከባድ፣ አመጣጡም ድንገተኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ቁስሉ የተጀመረው ግን ያን ሌሊት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ በጭቃ የራሰ ሰኮና ይለሰልሳል፤ በበጋው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላስታ ተዳፋት ላይ የሞላው የጥቁር ድንጋይ ስባሪ በዚያ ስንጥቅ ይገባል። አፈር ገባ፣ ተሐዋስያን ተከተሉ፤ ከቀናት በኋላ ግፊቱ ልክ ሲያልፍ በቅሎዋ እግሯን አነሣች። መንሸራተቷም ምናልባት ውጤቱ እንጂ መንስኤው አልነበረም።

አሁን ስለ መተኮሱ ልናገር። ከተማሪዎቼ መካከል ይህን ልማድ በንቀት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አልንቀውም፤ ለምን እንደሚታመን ማወቅ ግን አለብን። ያልተከፈተ የሰኮና መግል ብዙ ጊዜ በራሱ መንገድ ፈልጎ፣ ፀጉርና ሰኮና ከሚገናኙበት ዙሪያ ፈንድቶ ይወጣል። በፈነዳ ጊዜ እንስሳው ይሻለዋል። እስቲ አስቡት፦ በቅሎዋ ሰኞ አነከሰች፣ ማክሰኞ ወርቿ ተተኮሰ፣ ቁስሉ እስኪድን ሥራ ፈትታ ቆመች፤ በሁለተኛው ሳምንት መግሉ በታች ፈንድቶ መርገጥ ጀመረች። ማን ዳኛት ይባላል? እሳቱ። እኛስ? እኛም መንስኤውን ሳናገኝ ፔኒሲሊን ወግተን፣ መግሉ በራሱ ሲፈነዳ ምስጋናውን ተቀብለናል። በዚህ ረገድ ከወጌሻው የምንሻልበትን ነገር አላየሁም። እንዲያውም መግሉ ሳይወጣ የሚሰጥ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ነገሩን አዳፍኖ ሊያቆየው ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ መተኮስ አንድ ቁስል የነበረባትን በቅሎ ባለ ሁለት ቁስል ያደርጋታል፤ ያን ጊዜም ሁሉ በሕመም ትቆያለች።

ድንገት ያነከሰ ሁሉ የሰኮና መግል አለበት እንዳልሁ ግን አይቆጠርብኝ። ከታች መጀመር ማለት ከታች ብቻ ማየት አይደለም። በላስታ ከኅዳር እስከ ጥር አውድማ ላይ ገብስ ይከመራል፤ ሌሊት የተፈታች በቅሎ አውድማ ገብታ እስክትጠግብ ከበላች፣ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ ሁለቱም የፊት ሰኮናዎቿ ሊቃጠሉ ይችላሉ። የሆድ ዕቃዋ ያልለመደውን እህል ሲያቦካ የሚፈጠረው መርዛማ ነገር፣ ሰኮናን ከውስጠኛው አጥንት ጋር ያያያዘውን ስስ ሥጋ ያስቆጣዋል። እንዲህ ያለችው በቅሎ በሦስት እግር አትቆምም፤ የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ ክብደቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ መዞር እንደ እሳት ይፈጃታል። የደም ሥር ትርታው በሁለቱም እግር ይዘልላል። ይህቺን ማንም በግድ እንዳያራምዳት፤ እህሉ ይከልከል፣ ሰኮናዋ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከር፣ ለስላሳ መሬት ላይ ትቁም፣ ሐኪም ዛሬውኑ ይጠራ።

ሚስማር ወይም እሾህ በመርገጫው ላይ ተሰክቶ ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በመርገጫው መካከል ያለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ከበስተውስጧ ትንሽ አጥንትና ጅማት፣ በመካከላቸውም ፈሳሽ የያዘ ከረጢት አለ። እዚያ የደረሰ ሚስማር ቀዳዳው ኢምንት ቢሆንም እንስሳውን ለዘለቄታው አንካሳ ሊያደርገው ይችላል። ከመነቀሉ በፊት የገባበት ስፍራና አቅጣጫው ይታይ፤ ሲነቀል ምን ያህል እንደገባ ይለካ፤ ሚስማሩም አይጣል፣ ለሐኪሙ ይሰጥ። ቅልጥሙ ከተጣመመ ወይም ሲነካ አጥንቱ ከተንኳኳ እንስሳውን ከቆመበት አለማንቀሳቀስ ነው። መጋጠሚያ አጠገብ ቁስል ኖሮ እንደ እንቁላል ውኃ ያለ የሚሳብ ፈሳሽ ከወረደው ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ወደ በቅሎዋ ልመለስ። ቀዳዳውን መግሉ እንዲወርድ ያህል ብቻ አሰፋሁት፤ ሰፊ ጉድጓድ ውስጠኛው ሥጋ እንዲወጣ ያደርጋል እንጂ ፈውስን አያፋጥንም። እግሯን ለብ ባለ የጨው ውኃ ነከርነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ከላዩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አሰርንበት። ባለቤቱ ጧትና ማታ እየፈቱ እንዲነክሩ ተስማማን። ፀሐይ ሳትጠልቅ በቅሎዋ ሙሉ ሰኮናዋን አሳረፈች። ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ የሚያስቸግር ነበር። «እንግዲህ ድናለች፤ ነገ ልጫናት?» አሉኝ። ሕመሟ ቢበርድም ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ዳገቱ አፈርና ፋንዲያ ነው። ቢያንስ አሥር ቀን አልኋቸው። ገና አለፈባቸው ማለት ነው። የዚያን ሳምንት ገቢ የሚተካላቸው አልነበረም፤ እኔም የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። የቴታነስ ተሐዋስ፣ ያው መንጋጋ ቆልፍ የምንለው በሽታ መነሻ፣ በአፈርና በፋንዲያ ውስጥ ይኖራል፤ አየር የማይገባበት ጠባብ ቁስል ይስማማዋል፤ የጋማ ከብት ደግሞ ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ ለእርሱ የተጋለጠ ነው። በቅሎዋ ተከትባ አታውቅም፤ መከላከያ ሴረሙም በአቅራቢያው አልተገኘም። ከሁለት ቀን በኋላ ከሌላ ከተማ መጥቶ ተወጋች። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያልና፣ ለልጁ የሚጠብቀውን ምልክት ነገርሁት፦ ጆሮዋ ደርቆ ከቆመ፣ ጅራቷ ከተወጠረ፣ ከዓይኗ ጥግ ስስ መጋረጃ ወጥቶ ዓይኗን ከሸፈነ፣ ማኘክ ካቃታት፣ በዚያው ሰዓት ደውልልኝ። ልጁ በየማታው ደወለ። ዱካዋን በአቧራ ላይ እያየ፣ ተረከዟ ነካ አልነካ ብሎ ይነግረኝ ነበር፤ በሃያኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ወደ ወንዝ ወርዳ ውኃ ጠጥታ መመለሷን፣ አራቱም ዱካ እኩል መሆኑን ነገረኝ።

ከእናንተ መካከል የጋማ ከብት ያላችሁ ጥያቄ እንደያዛችሁ አያለሁ። አንድ የደረቀ ሰኮናና አንድ ጉጠት ይዤ መጥቻለሁ፤ ወደ ፊት ቀረብ በሉና የት የት እንደሚጨመቅ እየነካችሁ እንየው።